እምነቴና የማጋባት ሥራዬ ተጋጩብኝ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው አሜሪካ ነው። በአንድ የካውንቲ ክለርክ ቢሮ (የአካባቢው አስተዳደር መዝገብ ቤት) ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እስካሁን የቤትና የመሬት ሰነድ ክፍል ነበርኩ። ባለፈው ወር ወደ ጋብቻ ክፍል አዛወሩኝ። የጋብቻ ፈቃድ መስጠት ብቻ አይደለም፤ አርብ አርብ እዚያው ቢሮ ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ማጋባትም አለብኝ። ከሚመጡት መካከል ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች አሉ። እኔ ደግሞ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ባለቤቴ «ተዪው፣ ሥራ አይጠፋም» ይለኛል። የልጆቹ ኢንሹራንስ ግን በእኔ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ «እምቢ በይ፣ መብትሽ ነው፣ አይነኩሽም» ትላለች። ለነፍስ አባቴ ገና አልነገርኩም። ሥልጠናው በሚቀጥለው ወር ይጀምራል። እምቢ ማለት እችላለሁ? ብፈርምስ ኃጢአት ይሆንብኛል? ስሜንና ካውንቲዬን እንዳይጠቅሱብኝ አደራ።

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ራሴ ልንገርሽ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ መስኮት ጋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ማተብ አለኝ። ስለ ጋብቻ የማምነው ቤተ ክርስቲያኔ የምታስተምረውን ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል አንቺና እኔ አንለያይም። አሁን የምነግርሽን የምነግርሽ ሥራውን ስለማውቀው ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ በጣም ስለተሳሳትኩበት ነው።

የሜሪላንድ ሕዝብ በኅዳር 2012 በፈረንጆቹ ድምፅ ሰጥቶ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን አጸደቀ። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ነበር። ፈቃዱን ግን ከታኅሣሥ ጀምሮ ማውጣት ይቻል ነበር። ሱፐርቫይዘራችን አዲሱን ፎርም አደለን። ጥያቄ ያለው ካለ ይጠይቅ አለን። እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ፈርቼ ነው መሰለኝ። ወይም ደግሞ እኔ መስኮት ጋ አይመጡም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነው።

መጡ። ተራ ቁጥሩ ተጠራና ሁለት አሮጊቶች ፊቴ ቆሙ። አንደኛዋ ረጅም፣ ሌላዋ አጭር ናት። አጭሯ ቡናማ ፖስታ ይዛለች። ወረቀቶቿን በቅደም ተከተል ደርድራ በአግራፍ ይዛቸዋለች። ከላይ ያለው የሟች ባለቤቷ የሞት ማስረጃ ነበር። እንዲህ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሰው ስታገኚ ደስ ይልሻል፤ ይህን ሥራ የሠራ ያውቀዋል። መታወቂያቸውን ተቀበልኩ። የመጀመሪያዋን ስም ጻፍኩ። ከዚያ በቃለ መሐላ የሚጠየቁት ጥያቄዎች አሉ፦ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ከዚህ በፊት አግብተሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ እርስ በርስ ዝምድና አላችሁ ወይ። እዚያ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። «ይቅርታ፣ ፕሪንተሩ ተበላሽቷል» ብዬ ተነሣሁ። ጓዳ ገብቼ በወረቀት ካርቶኖቹ መካከል ቆምኩ። ማተቤን ይዤ ነበር የቆምኩት። ሰባት ስምንት ደቂቃ ይሆናል።

የሥራ ባልደረባዬ በሌላኛው መስኮት ጨረሰችላቸው። ስመለስ ሊወጡ ሲሉ ደረስኩ። አጭሯ ወደ እኔ ዞር አለች። አልተቆጣችም። «ፕሪንተሩ ደህና ነው፤ አሁን አተመልን» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «እውነቱን ብትነግረን ኖሮ ሌላውን መስኮት እንጠብቅ ነበር» አለች። ወጡ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። እንደ አንቺ ነበር የጠየቅኳቸው፦ «ብፈርም ኃጢአት ነው ወይ?» እሳቸው ታሪኩን እስከ መጨረሻ ከሰሙ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሁለቱ ሴቶች አልነበረም። «ለምን ዋሸህ?» አሉኝ። ከዚያ የንዕማንን ታሪክ አነሡልኝ። ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ እውነተኛውን አምላክ አመነ። ሥራው ግን ንጉሡን መደገፍ ነው። ንጉሡ በሬሞን ቤት ሲሰግድ እሱም አብሮ ሊያጎነብስ ነው። ይህንን አስቀድሞ፣ በግልጽ፣ ለኤልሳዕ ተናገረ። ኤልሳዕም በሰላም ሸኘው። ነፍስ አባቴ ይህን የነገሩኝ «ስለዚህ ፈርም» ለማለት አልነበረም። ንዕማን ጭንቀቱን ሳይደብቅ ለሚመለከተው ሰው አስቀድሞ መናገሩን እንዳይ ነው። ስለ ኃጢአቱ ጥያቄሽ ከእኔ መልስ አትጠብቂ። እኔ ካህን አይደለሁም። ነፍስ አባትሽ ጋ ሂጂ፤ ከሥልጠናው በፊት ሂጂ።

ሕጉን በተመለከተ ግን የማውቀውን ልንገርሽ። ጓደኛሽ «መብትሽ ነው» ያለችሽ ግማሹ ልክ ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ሰባተኛው ክፍል፣ ቀጣሪ የሠራተኛውን ሃይማኖት እንዲያስተናግድለት ያዛል። መንግሥትም ቀጣሪ ነው። ገደቡ ሥራው ላይ ከባድ ጫና የሚያመጣ ከሆነ ነው። ቀደም ሲል ፍርድ ቤቶች ትንሽ ወጪ እንኳ ጫና ነው እያሉ ጥያቄውን በቀላሉ ይጥሉት ነበር። በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ያለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ ይህን አጠበቀው። አሁን ቀጣሪው እምቢ ለማለት ጫናው ለሥራው በእርግጥ ከባድ መሆኑን ማሳየት አለበት። እንግዲህ የመጠየቅ መብት አለሽ። እንዲታሰብልሽም መብት አለሽ። የሚጎድለው ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ ቢሮው ለባለጉዳዩ አገልግሎቱን መስጠት አለበት። ከጁን 26 ቀን 2015 ወዲህ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የመጋባት መብት አላቸው ብሎ አምስት ለአራት ከወሰነ በኋላ፣ በየትኛውም ስቴት ያለ ቢሮ እነዚህን ጥንዶች መመለስ አይችልም። አንቺ ከመስኮቱ ዞር ልትይ ትችያለሽ፤ መስኮቱን ልትዘጊው ግን አትችዪም።

ይህን ልዩነት ያልለየ ሰው ምን እንደሚገጥመው ኬንታኪ ላይ አየነው። ኪም ዴቪስ የሮዋን ካውንቲ የተመረጠች ክለርክ ነበረች። ከውሳኔው በኋላ ለማንም፣ ለወንድና ለሴትም ጭምር፣ የጋብቻ ፈቃድ መስጠት አቆመች። ስሜ ፈቃዱ ላይ ስለሚታተም ሕሊናዬ አይፈቅድም አለች። ይህን ስሰማ አልሳቅኩባትም። የጓዳውን ካርቶን አስታወሰኝ። ግን እሷ ራሷ ዞር በማለት አላበቃችም። ምክትሎቿም እንዳይሰጡ ከለከለች። ሰዎች ግብር የሚከፍሉበት የራሳቸው ካውንቲ ቢሮ ድረስ ሄደው፣ ደጋግመው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የፌዴራል ዳኛው ስጪ ብሎ አዘዛት፤ እምቢ አለች። በሴፕቴምበር 2015 እስር ቤት ገባች፤ አምስት ቀን ቆየች። በዚያን ጊዜ ከስድስቱ ምክትሎች አምስቱ እንሰጣለን አሉ። እምቢ ያለው አንዱ የገዛ ልጇ ነበር። ፈቃዱ መሰጠት ጀመረ። በኋላ አንድ ጥንድ ከሷት፣ በ2023 የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ለሁለቱ ሰዎች መቶ ሺህ ዶላር ካሳ ፈረዱባት። የጠበቃ ወጪው ተጨምሮ ከሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ አለፈ። በኖቬምበር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤቱታዋን ሳይቀበል ቀረ።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። በ2016 የኬንታኪ ምክር ቤት የክለርኩን ስም ከፎርሙ ላይ አወጣው። እሷም ከመጀመሪያው የምትጠይቀው አንዱ ነገር ይህ ነበር። መፍትሔው ነበረ ማለት ነው። ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ግን ዋጋውን የከፈሉት ለፈቃድ የመጡት ሰዎች ናቸው። የእኔ ሕሊና የእኔ ሸክም ነው። ሌላ ሰው ላይ ልጭነው አልችልም።

የአንቺ ሁኔታ ከእሷ ይለያል። አንቺ የተመረጥሽ ባለሥልጣን አይደለሽም፤ ተቀጣሪ ነሽ። ያ የ1964 ሕግ የሚጠብቀው ተቀጣሪን ነው፤ የተመረጠን ሰው በዚህ አያውቀውም። ስለዚህ በእሷ አትፍሪ፣ በእሷም አትመኪ።

ከስቴት ስቴት ደግሞ ነገሩ ይለያያል። ዩታ በ2015 ባወጣችው ሕግ የካውንቲ ክለርኩ ራሱ ባያጋባ እንኳ የሚያጋባ ሰው ማዘጋጀት ግዴታው ነው። ኖርዝ ካሮላይና በዚያው ዓመት ማጋባት የማይፈልግ ሹም በጽሑፍ አሳውቆ እንዲቀር ፈቀደች። ግን ልብ በዪ፦ የሚቀረው ቢያንስ ለስድስት ወር ነው፤ ደግሞ ከሁሉም ጋብቻ ነው። እነዚህን አጋባለሁ፣ እነዚያን አላጋባም ማለት አይቻልም። ዋዮሚንግ ላይም አንዲት ዳኛ ነበረች። ማንንም አልመለሰችም። ለጋዜጠኛ ግን የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን አላጋባም ብላ ተናገረች። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 በይፋ ገሠጻት። ካጋባሽ ሁሉንም አጋቢ፣ አለዚያ ማንንም አታጋቢ አላት። ስለዚህ ፌስቡክ ላይ አትጻፊ። የቢሮ ቡና ላይም አታንሺው። ነገሩን ለነፍስ አባትሽ፣ ለባለቤትሽና ለአለቃሽ ብቻ ያዢው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ነገ ጠዋት ቁጭ ብለሽ ለሱፐርቫይዘርሽ ደብዳቤ ጻፊ፤ ለኤችአር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) ግልባጭ አድርጊ። አንድ ገጽ ይበቃል። ከሥልጠናው በፊት ይድረሳቸው። አርብ ጠዋት ሰዎቹ አበባ ይዘው ኮሪደር ላይ ቆመው ሳለ የሚነገር ነገር አይደለም። ደብዳቤው ላይ የትኛው ሥራ ከእምነትሽ ጋር እንደሚጋጭ ለይተሽ ጻፊ። «የጋብቻ ክፍል» ብለሽ በጅምላ አትጻፊ። ፈቃዱን መስጠት ነው ወይስ ማጋባቱ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፈቃድ ስትሰጪ የምትመሰክሪው ወረቀቱ እንደተሟላ፣ ዕድሜያቸው እንደደረሰ፣ ሌላ ትዳር ላይ እንዳልሆኑ ነው። አትባርኪም። ስታጋቢ ግን ቃሉ ከአፍሽ ይወጣል። የእኔ ሕሊና መስመሩን ያሰመረው እዚያ ላይ ነበር። የአንቺ ሌላ ቦታ ሊያሰምር ይችላል። አንዳንዱ ሁለቱንም ይሠራል፣ እንቅልፉንም ይተኛል። አንዳንዱ ሁለቱንም አይችልም። አስቀድመሽ ግን እወቂው።

ጥቅስ አትደርድሪ። ስለ ሰዎቹ አንድም መጥፎ ቃል አይግባበት። የምትሰጪውንም ጻፊ፦ የማን ሺፍት እንደምትሸፍኚ፣ የትኛውን ሌላ ሥራ እንደምትወስጂ። ለአንቺ ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ ከፊትሽ ነው። ስድስት ዓመት የቤትና የመሬት ሰነድ ሠርተሻል። ወደዚያ መልሱኝ በያቸው። ለእነሱም ቀላል ነው፤ አዲስ ሰው ማሠልጠን አያስፈልጋቸውም። ግልባጩን ቤትሽ አስቀምጪ። ጥያቄሽን ሳያዩ ከጣሉት ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከት ይቻላል። ጊዜው 180 ቀን ነው፤ በብዙ ስቴቶች እስከ 300 ቀን ይደርሳል። አትዘግዪ። ከዚያ በፊት ግን የስቴትሽን ሕግ የሚያውቅ የሥራ ጉዳይ ጠበቃ አንድ ሰዓት አናግሪ።

እኔ ከጓዳው ከወጣሁ በኋላ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ፈቃዱን ለመጣው ሁሉ እሰጣለሁ፤ ከማጋባቱ ግን ለሁሉም ጥንዶች ዞር አድርጉኝ ብዬ ጻፍኩ። ተፈቀደልኝ። በምትኩ ማንም የማይፈልገውን የበዓል ዋዜማ ሺፍት ወሰድኩ። ስንት ዓመት የገና ዋዜማን እዚያ መስኮት ጋ አሳለፍኩ መሰለሽ! ቅር አላለኝም። ሚዛኑ ልክ ነበር።

ባይፈቅዱልሽስ? ያኔ ሁለት መንገድ ነው ያለሽ። ወይ ትሠሪዋለሽ፣ ወይ ትለቂያለሽ። የምትሠሪው ከሆነ በደንብ ሥሪው። ፊትሽን ቋጥረሽ፣ ቃሉን እያጣደፍሽ፣ ሰው ሳታዪ እንዳታጋቢ። ያ ከእኔ ፕሪንተር አይለይም። ከእነዚህ ጥንዶች ብዙዎቹ ምስክር ይዘው አይመጡም። ስልካቸውን ሰጥተውሽ «ፎቶ አንሽን» ይሉሻል። ታነሽላቸዋለሽ። ይህን ማድረግ ካልቻልሽ መልቀቁ የሚያሳፍር አይደለም። ግን የልጆቹን ኢንሹራንስ ሌላ ቦታ ሳታስተካክይ እንዳትነሺ። ለባለቤትሽም ይህን አስነብቢው።

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እኔ በተቃራኒው ነኝ። በቢሮዬ አንድ ባልደረባዬ በሃይማኖቱ ምክንያት እነዚህን ጥንዶች አያስተናግድም። አለቃችን ያውቃል፤ በወረቀት ግን የተጻፈ ነገር የለም። ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። ምሳዬን ሳልበላ የምውልበት ቀን አለ። ብናገር ሃይማኖቱን የጠላሁ ይመስልብኛል። ደሞ ራሴም አማኝ ነኝ።

መልስ፦

ወንድሜ፣ ተናገር። ሃይማኖቱን አልጠላህም፤ ምሳህን ነው የጠየቅኸው።

በእንግሊዝ አገር አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ለንደን ውስጥ በኢዝሊንግተን የምትሠራ የጋብቻ መዝጋቢ ነበረች። ሥራውን ስትጀምር እንዲህ ያለ ጋብቻ አልነበረም። በዲሴምበር 2005 የተመሳሳይ ጾታ ሲቪል ጥምረት (ጋብቻን የሚመስል ሕጋዊ ትስስር) ሕግ ሥራ ላይ ሲውል፣ መጀመሪያ እንዲሁ በመግባባት ከባልደረቦቿ ጋር እየተቀያየረች ትሠራ ነበር። በኋላ ባልደረቦቿ ቅሬታ አቀረቡ። ከእነሱ መካከል ነገሩ በግል የሚነካቸውም ነበሩ። ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ሄደ። በአገሯ ፍርድ ቤት ተረታች። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በጃንዋሪ 2013 አምስት ለሁለት ፈረደባት። ሁለት ዳኞች ግን ከእሷ ጋር ነበሩ፤ ነገሩ ቀላል አልነበረም ማለት ነው። እኔ ከዚያ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። በወረቀት ያልሰፈረ መቀያየር መጨረሻው አያምርም። እሱንም አይጠብቀውም፣ አንተንም አይጠብቅህም።

መጀመሪያ እሱን ራሱን አናግረው። ቡና ጋብዘው። «እምነትህን አከብራለሁ፤ ግን የአንተን ሰልፍ እኔ ብቻዬን ተሸከምኩት» በለው። ምናልባት ምን ያህል እንደሚደርስብህ አያውቅም። እኔም ያቺን ባልደረባዬን አመሰገንኳት እንጂ ስንት ጊዜ ዞር እንዳልኩባት አልቆጠርኩም ነበር። የነገረችኝ እሷ ናት። ከዚያ ሁለታችሁም አለቃችሁ ጋ ግቡና በወረቀት ይስፈር፦ እሱ ምን እንደሚተው፣ በምትኩ ምን እንደሚወስድ፣ አንተ እረፍት የምትወጣው ስንት ሰዓት እንደሆነ። አንተ ምሳ በወጣህበት ሰዓት ጥንዶች ከመጡስ? ይህ ጥያቄ መልስ ከሌለው ስምምነቱ ገና አላለቀም።

ጥያቄ፦

በቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። አንዳንድ ሰዎች «አንድ ቀን መንግሥት ካህናቱን የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን አጋቡ ብሎ ያስገድዳቸዋል» እያሉ ምእመኑን ያስጨንቃሉ። እውነት ነው ወይ?

መልስ፦

አይደለም። የሃይማኖት ነፃነትን በሚጠብቀው በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ መሠረት ካህን፣ ፓስተር፣ ኢማም ወይም ረቢ በሃይማኖቱ የማይፈቀድለትን ጋብቻ እንዲፈጽም አይገደድም። በዲሴምበር 2022 የጸደቀው የጋብቻ ሕግም የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ሲያጸና፣ ለትርፍ ያልቆሙ የሃይማኖት ድርጅቶች ለጋብቻ ሥነ ሥርዓት አገልግሎት እንዲሰጡ እንደማይገደዱ በግልጽ ጽፏል። ካህኑ የቆመው በመቅደሱ ነው፤ የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን የተቀመጠችው ሕዝብ ደሞዝ በሚከፍልበት መስኮት ጋ ነው። ሁለቱን አታደባልቁ። ይህን ለምእመኑ በሚቀጥለው እሑድ ንገሯቸው፤ ሰው በማይመጣበት ነገር ሲፈራ ጎረቤቱን መፍራት ይጀምራል።

በነገራችን ላይ፣ የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ደብዳቤውን ስትጨርሺ ስምና ቦታ አጥፍተሽ ላኪልኝ። እርሳስ ይዤ አነብልሻለሁ። እስከ ሐሙስ ይድረሰኝ።